ሻካራው እንዳያልቅ የፈለገው አልበም

መጋቢት 9 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ
ከስቱዲዮው ውስጥ

ለምናፍቅሽ ለሚጣዬ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ስለ አባትሽም «ደህና ነው» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ሰላምታውን እዚህ ላይ እናቁመውና ወደ ነገሩ እንግባ። ጊዜም የለኝም። አባትሽ የጊታር ክር ሊገዛ ወጥቷል። ከሻጩ ጋር ወሬ ከያዘ ይቆያል፣ ካልያዘ ግን አሁኑኑ ከች ይላል። አንድ ጆሮዬን የውጪው በር ላይ ጥዬ ነው የምጽፍልሽ።

አባትሽ ካንሰር ይዞታል። ጉሮሮው ላይ ነው። ይኸው ጻፍኩት። በአፌ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትዪ። እኔና አንቺ ስናወራ እሱ አጠገቤ ይቆማል። ቆሞ ምንም አይልም፤ ስጨርስ ብቻ «ምን አለች?» ይለኛል፣ «ደህና ነኝ አለች» እለዋለሁ፣ «እህ» ብሎ ይሄዳል። ኢሜይሉንም የምንከፍተው በጋራ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ረዥሙ ነው፤ የአባትሽ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች፣ ሕፃን ሆነሽ ትከሻው ላይ ወጥተሽ ጣሪያ የምትነኪው አጎትሽ። ነገ ጠዋት እህቱን ሊጠይቅ ወደ እናንተ ከተማ ይበራል፤ እሁድ ይመለሳል። ከደብዳቤው ጋር አንድ ፍላሽ ይሰጥሻል። ፍላሹን ከመክፈትሽ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

አባትሽ የብቻውን አልበም እየሠራ መሆኑን ሰምተሻል። ባንዱ እያለ ብቻውን አልበም የሚያወጣ ዘፋኝ ባየ ቁጥር «ብቻውን ፎቶ የሚነሳ ሙሽራ» እያለ ሲያላግጥ የኖረ ሰው፣ ባንዱ ተበትኖ፣ ሰባን ሊደፍን ጥቂት ሲቀረው፣ «አሁን ተራው የኔ ነው» ብሎ ተነሳ። እኔም እሰየው አልኩ። ቤት ውስጥ ተቀምጦ የቧንቧ ጠብታ በየት በኩል ከምት እንደወጣ ሲነግረኝ ከሚውል ይዝፈን ብዬ።

ስቱዲዮው ያው አንቺ የምታውቂው የመኪና ማቆሚያ ነው። ግድግዳው ላይ አሮጌ ፍራሽ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ጥግ ላይ እኔና የድምፅ መቀላቀያዬ። ማቀዝቀዣውም ከግድግዳው ጀርባ ኩሽና ውስጥ ነው፤ ጩኸቱ አሁንም ማይኩ ውስጥ ይገባል። ሕጉም አልተቀየረም፤ ቀረጻ ሲጀመር ማቀዝቀዣው ይነቀላል፣ አባትሽ «በቃኝ» ሲል ራሱ ሄዶ ይሰካዋል። ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ የማቀዝቀዣው ሞተር ሲነሳ ስትሰሚ ነበር «አባዬ ጨረሰ» ብለሽ እየሮጥሽ የምትገቢው። በዚህ አልበም ምክንያት ምን ያህል ወተት እንደደፋሁ ፈጣሪ ይወቀው። ካለፈው ወር ወዲህ ደግሞ ጭራሹን አልተሰካም። «አልጨረስኩም» ይላል። በሩን ከፍቼ ውስጡን እንደ ቁም ሳጥን እየተጠቀምኩበት ነው፤ ሽንኩርትና ባትሪ ይዟል።

ነገሩ የጀመረው በደስታ ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። አባትሽን «ሻካራው» ያሰኘውን ድምፅ ታውቂዋለሽ። ቀረጻ ስንጀምር ያ ድምፅ ወፍሮ፣ ጠጠር ላይ የሚጎተት ብረት መስሎ መጣ። ሁላችንም ፈነደቅን። አልበሙን የሚያሠራው ፕሮዲዩሰር ሄድፎኑን አውልቆ «ጋሼ፣ ድምፅዎ በሰለ፤ በወጣትነትዎ እንኳ እንዲህ አልነበረም» አለው። አባትሽ ሳምንቱን ሙሉ ጨው አቀብዪኝ ሲለኝ እንኳ መድረክ ላይ እንዳለ እየጎረነነ ነበር። እኔም እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ያንን መሻከር ከፍ፣ ከፍ አደርገው ነበር። የሌላ ሰው ድምፅ እንዲህ ሲሰነጠቅ ሐኪም ይጠራል። እኛ ቤት የተጠራው ፕሮዲዩሰር ነው።

ከዚያ ፉጨቱ መጣ። አባትሽ ከስንኝ ስንኝ ሲሻገር፣ አየር በሚስብበት ቦታ ላይ፣ ቀጭን ፉጨት እሰማለሁ። ሁሉም ዘፈን ላይ አለች። ገመዱ ነው አልኩ። ገመዱን ቀየርኩ። ማይኩ ነው አልኩ፤ ረዥሙ ከጓደኛው ማይክ ተውሶ መጣ። መቀላቀያውን ፈታሁት፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ መልሼ ገጠምኩት። ረዥሙ ከመሬት በታች ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ነው ብሎ ሊቆፍር ሁሉ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ረዥሙን ማይኩ ፊት አቁሜ «እስኪ አንተ አንድ ነገር ዝፈን» አልኩት። እሱ እንደምታውቂው ሲዘፍን በር ይመስላል፤ ግን ድምፁ ንጹህ ነበር። ምንም ፉጨት የለም። ረዥሙ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን አየሁት፤ ሁለታችንም ዞረን በመስኮቱ በኩል ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚያስለውን አባትሽን አየነው።

ሐኪም ቤት ወሰድነው። ናሙና ወሰዱለት። ውጤቱ ሲመጣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ሁለታችንን አስቀምጣ፣ ሳትቸኩል፣ ምንም ሳትደብቅ ነገረችን። የድምፅ ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይተነፍሳል። በመሣሪያ መናገር ይለማመዳል። መዝፈን ግን የለም።

«ካልወጣስ?» አላት።

«ይዘልቃል።»

«ትንሽ ቢቆይስ?»

«እርስዎ ይቆዩ እንጂ እሱ አይቆይልዎትም።»

አባትሽ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲያሽከረክር ቆየና «እንግዲያው አልበሜን ልጨርስ። ባለቀ ማግስት እመጣለሁ። ቃሌ ነው» አላት። ቃሉን እንደማይበላ አንቺም ታውቂያለሽ። ትኩሳት ይዞት፣ እግሩ ተሰብሮ፣ እናቱን ቀብሮ መድረክ ላይ የወጣ ሰው ነው። ሐኪሟም አመነችውና ቀን ሰጠችው፤ በዚያ ቀን አልበሙ አላለቀም። ሁለተኛ ቀን ሰጠችው፤ ደውሎ ራሱ ሰረዘው። አሁን የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ሦስተኛው ነው። ባለፈው ለብቻዬ ኮሪደር ላይ ይዛኝ «እናቴ፣ ሐሙስንም ካሳለፉት ከዚያ በኋላ ቢላዋ አያድናቸውም፤ ማስታገሻ ብቻ ነው የምሰጣቸው» አለችኝ። ቃል በቃል ነው የጻፍኩልሽ።

መጀመሪያ ላይ አልገባኝም ነበር። እንዴት ነው አንድ አልበም እንዲህ የማያልቀው እያልኩ እገረም ነበር። ጠዋት ይዘፍናል፣ እጄ ላይ ፀጉሬ ይቆማል፣ «አለቀ» እላለሁ። ማግስቱን ይመጣና «ደምስሺው» ይለኛል። ለምን? «እዚያ ጋ ዘገየሁ።» አልዘገየም። «እዚያ ጋ ቃሉን ዋጥኩት።» አልዋጠውም። ከዕለታት አንድ ቀን ግን «ይኸኛው ከመጠን በላይ ጥሩ ነው፤ ሌሎቹን ያሳፍራቸዋል፤ ደምስሺው» ሲለኝ ነቃሁ። ይህ ሰው አልበሙን እየሠራ አይደለም፤ እየፈታው ነው። አልበሙ እስካላለቀ ድረስ ድምፁ የእሱ ነው። ሲያልቅ ይወሰዳል።

ከዚያ ወዲህ «ደምስሺው» ሲለኝ «እሺ» እልና አልደመስስም። ወደ ሌላ ቦታ አዛውረዋለሁ። ከአሥሩ ዘፈኖች ዘጠኙ በዚህ ሁኔታ ተርፈዋል፤ ቀላቅዬም ጨርሻቸዋለሁ። አንድ ሌላ ነገርም አብሬ አስቀምጫለሁ፤ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ከየቀረጻው በፊት ድምፁ መግባቱን ሊያረጋግጥ ማይኩ ላይ «አንቺ ሴትዮ፣ አለሽ?» ይለኛል። እኔም «አለሁ» እለዋለሁ። ያንን ሰብስቤ አንድ ላይ ቀጥዬዋለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም ልልሽ ነበር፤ አውቃለሁ እንጂ። ፈርቻለሁ፣ ሚጣዬ። ሲሞትብኝ ብቻ አይደለም፤ ድኖም ቤቱ ዝም ሲል እፈራለሁ።

አሁን ወደ አሥረኛው ዘፈን ልምጣ። ጭንቀቱ ያለው እዚህ ነው።

አሥረኛው ስለ አሮጌዋ ሚኒባስ ነው። ባንዱ ከከተማ ከተማ ሲዞርባት የነበረችው፣ አንቺ ከኋላ በድራሙ ሳጥኖች መካከል ብርድ ልብስ ተነጥፎልሽ የምትተኚባት። አባትሽ ይነዳል፣ ሌላው ሁሉ ያንኮራፋል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እንዳያንቀላፋ እጨቀጭቀዋለሁ። ዘፈኑ ያንን ነው። ይህን ዘፈን ሲጽፍ ከመጀመሪያው ሁለተኛ ድምፅ አለው አለ። ማን ትዘፍነዋለች ስለው ስምሽን ጠራ። ያለ እሷ አላለቀም አለ።

«እንግዲያው ልጠይቃት» አልኩት።

«እንዳትጠይቂያት።»

«ታዲያ እንዴት ሊያልቅ ነው?»

ትከሻውን ነቀነቀ። ገባሽ? አልበሙ የሚያልቀው በአንቺ ነው፣ አንቺ ደግሞ አትጠየቂም። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተው። ሌላ ዘፋኝ ላምጣ አልኩ፤ ለሁለት ቀን አኮረፈኝ። የዘፈኑ ከፍታ፣ ኪዩም፣ በዝቶበታል፤ ሲዘፍነው አንገቱ ላይ ያለው ደም ሥር ይወጠራል፣ ጨርሶ ሲያስል ደቂቃ አይበቃውም። ዝቅ እናድርገው ስለው ጭራሽ አልሰማ አለኝ። ጉሮሮውን ሆን ብሎ የሚጨርሰው ሁሉ መሰለኝ።

ባለፈው ዓርብ ደግሞ የባሰውን አደረገ። የመጨረሻዎቹን ስንኞች፣ ከአዝማቹ በኋላ ያሉትን፣ እንዴት አድርጎ ዘፍኗቸው እንደነበር ብትሰሚ። እኔ ለራሴ አንድ ብርጭቆ ውሃ ልቀዳ ኩሽና ደርሼ ስመለስ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። መቀላቀያዬ ላይ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ነክቶት የማያውቀውን ወንበር።

«ምን አደረግህ?»

«የመጨረሻዎቹን ስንኞች ደመሰስኳቸው።»

«ደመሰስካቸው ማለት?»

«የሉም። ፈልጊያቸው፤ እንደሌሎቹ አልደበቅሽልኝም።»

መደበቄን ያውቅ ኖሯል። ጮኩበት። ሚጣዬ፣ የታመመ ሰው ላይ ጮኩበት። «ልትሞት ከፈለግህ እኔን ለምን ታደክመኛለህ? ዝም ብለህ አትሞትም?» አልኩት። ጊታሩን አንስቶ የላላ ክር ያጠባብቅ ጀመር። አሁን እነዚያ ስንኞች ባዶ ናቸው፤ ሙዚቃው ይሄዳል፣ ሰው የለበትም። ዳግም ሊዘፍናቸው ቢፈልግ እንኳ ከዚያ ኪይ ላይ የሚደርስበት ጉሮሮ አሁን የለውም። በእልህ ነው ያደረገው። አልበሙ ለዘለዓለም እንዳያልቅ፣ አንቺም ብትመጪ እንዳያልቅ።

እንግዲህ ከአንቺ የምፈልገውን ልበልሽ። ፍላሹን ክፈቺ። ዘጠኙን ተያቸው። አሥረኛውን ስሚና ሁለተኛውን ድምፅ ዝፈኚበት። ስልክሽ ላይም ቢሆን ቅጂው፤ ማጽዳቱን ለእኔ ተዪው። ባዶዎቹን ስንኞች እርሻቸው፤ አዝማቹ ላይ ድምፁን ቀስ አድርጌ አጥፍቼ እዚያው እዘጋዋለሁ፣ ማንም ጎደለ አይልም። ለረዥሙ ስጪው፤ እሁድ ይዞልኝ ይመጣል፤ ሰኞ ከአባትሽ ፊት አስቀምጬ «ይኸው አለቀ፤ ቃልህ የት አለ?» እለዋለሁ።

ባንዱ የመጨረሻውን አልበም ሲያወጣ አባትሽ የሠራብሽን ሥራ አልረሳሁም። የዘፈንሽውን ሳይነግርሽ አውጥቶ ሌላ ዘፋኝ አስገባበት፤ አንቺም የሰማሽው አልበሙ በሚመረቅበት አዳራሽ፣ ጓደኞችሽን ሰብስበሽ ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ነው። ያን ቀን ፊትሽ እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ይቅር በዪው ብዬ አልጽፍልሽም። ይቅርታ የሚጠይቀው የበደለ ሰው ነው፤ እኔ የእሱ ጸሐፊ አይደለሁም። ዝፈኚ ነው ያልኩሽ።

ደግሞ ደብቄ ላስዘፍንሽ አልፈልግም። አልበሙ ካለቀ ሐሙስ ሐኪም ቤት ይገባል፤ ከገባ ያ ድምፅ ዳግም የለም። አንቺ ድምፅሽን ስትልኪ የእሱን እየወሰድሽበት ነው። ባትልኪ ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል፤ ከዚያ ድምፁም እሱም የሉም። ለአንድ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይሰጥም፤ አውቃለሁ። ሌላ የምሰጠው ሰው ግን አጣሁ። እምቢ ብትዪኝም አልቀየምሽም

—

እዚህ ላይ ሳልጨርስ በሩ ተከፈተ። አሁን የምጽፍልሽ ሌላ ሰው ሆኜ ነው፤ የሆነውን በተራው ልንገርሽ።

ወረቀቱን ሄድፎኑ ሥር ልሸጉጥ ስል ደረሰብኝ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አለሽ?» አለ።

«አለሁ።»

«ምን እየጻፍሽ ነው?»

«ለልጄ ደብዳቤ።»

«በእጅሽ?»

«በእጄ።»

የክሩን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እንዳትጠይቂያት አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል።»

«ጠየቅሻት?»

«ጠየቅኳት።»

ሄዶ ማይኩ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ክፍሉ ፍራሽ በፍራሽ ስለሆነ ምንም አይሰማም፤ ትንፋሹ ብቻ። ያቺ ፉጨት አሁን ያለ ማይክም ትሰማለች።

«ስለ ጉሮሮዬ ነገርሻት?»

«ነገርኳት።»

እጁን ዘረጋ። ይቀደዋል ብዬ ፈራሁ። ግን አንዴ ደርሶብኛል፤ ብደብቀውም ያው ነው፤ ሰጠሁት። መነጽሩን ፈልጎ አጣና የእኔን አደረገ። ማንበብ ጀመረ። ሙሽራው ጋ ሲደርስ አፍንጫውን ነፋ። ሐኪሟ ጋ ሲደርስ ገጹን ቶሎ ገለበጠው። አዳራሹን ያነሳሁበት ቦታ ሲደርስ ግን ፊቱን ማየት አልቻልኩም፤ ወረቀቱን ወደ ፊቱ አስጠግቶት ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይህን ተሳስተሻል» አለኝ።

«የቱን?»

«በእልህ ደመሰሰው ያልሽውን።»

«በእልህ ካልሆነ በምንድነው?»

«ዘፈኑን ሰምተሽዋል?»

ሳቄ መጣ። «ከእኔ በላይ ማን ሰማው? ሳልሰማው ያደርኩበት ቀን አለ?»

«ድምፁን መስማትሽንማ አውቃለሁ። ቃሉን ሰምተሽዋል ወይ ነው የምልሽ። መጨረሻ ላይ የሚናገረው ማነው?»

አሰብኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያንን ቦታ ሺህ ጊዜ ሰምቼ ድምፁ ተሰነጠቀ አልተሰነጠቀ እንጂ ምን እንደሚል አንድ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። መጨረሻው ላይ ሚኒባሷ መንገድ ዳር ትቆማለች። ሹፌሩ መሪው ላይ ደክሞታል። ከኋላ የተኛችው ልጅ ነቅታ፣ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ወደ ፊት ትመጣና «ውረድ አባዬ፣ አሁን እኔ ልንዳ፤ አንተ ሂድና ተኛ» ትለዋለች።

«ልጅቷ ናት» አልኩት።

«ልጅቷ ናት። እኔ ዘፈንኩት፤ መልሼ ሰማሁት። አንድ ሽማግሌ ራሱን ሂድና ተኛ ይላል። ውሸት ነበር። እነዚያ ስንኞች የእሷ ናቸው። የእኔ ድምፅ እዚያ ምን ይሠራል?»

«ኪዩንስ?»

«ለእሷ ነው። እኔማ የት እደርስበታለሁ?»

ቀና ማለት አቃተኝ። ዝቅ አድርገው እያልኩ ስጨቀጭቀው የከረምኩት ለዚህ ኖሯል።

«ሌላው ያልሽው ሁሉ እውነት ነው» አለኝ። «ሳጓትት ነው የከረምኩት። አሥረኛውን ግን አላጓተትኩም።»

«ታዲያ ለምን እንድጠይቃት አልፈቀድክልኝም?»

ሳል ያዘው፤ ውሃ ሰጠሁት፤ ጠጥቶ አፉን ጠረገ። «ካልተጠየቀች እምቢ አላለችም» አለኝ።

ሚጣዬ፣ ከዚህ ሰው ጋር ስንት ዘመን ኖሬ በማንም ፊት ሲፈራ አይቼው አላውቅም። አንቺን ይፈራሻል።

ደብዳቤውን መለሰልኝና «ጨርሺው፤ ረዥሙ ሊመጣ ነው» አለኝ። ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት አለኝ፤ እኔም እሱ ቆሞ እያየ እዚህ ጻፍኩት፦ «መጨረሻዎቹ ስንኞች ላይ እኔ የለሁም። አብሬሽ ያልገባሁት ረስቼ አይደለም። ብቻሽን ሂጂ። አትቸኩዪ፤ ሙዚቃው ይጠብቅሻል። ያን ጊዜ ከዘፈኑ ያወጣሁሽ . . .»

ዓረፍተ ነገሩን እዚያ ላይ ተወው። ጠበቅኩት፣ አልቀጠለም። እኔም አልሞላሁለትም፤ ነጥቦቹን እንዳሉ ተቀበዪው።

«እምቢ ካለችስ?» አልኩት። «ሐሙስስ?»

«የእኔ ድርሻ አልቋል እኮ» አለኝ፣ ምን ትጠይቂኛለሽ በሚል ዓይነት። ተነሳ። ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ አስተኛው፣ አዲሶቹን ክሮች ሳይቀይራቸው አጠገቡ አኖራቸውና ወጣ። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርትና ባትሪ ሲያወጣ ሰማሁት። ከዚያ ከግድግዳው ጀርባ ማቀዝቀዣው ተነሳ።

እዚሁ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከአንድ ወር በላይ ያልሰማሁት ጩኸት ነው፤ እንደ ሙዚቃ ሰማሁት።

ስለዚህ ከላይ ከጻፍኩልሽ ውስጥ ያንን ከባዱን ሰርዢልኝ። ብትልኪም ባትልኪም ሐሙስ ይገባል። ድምፁን አንቺ አትወስጂበትም፤ ራሱ አስቀምጦታል። ባዶዎቹንም ስንኞች እዘጋዋለሁ ያልኩትን ትቼዋለሁ፤ እንዳሉ ይቆያሉ፣ መዝፈን የምትፈልጊ ከሆነ የአንቺ ናቸው፣ ባትፈልጊም ማንም አይገባባቸውም። በእልህ ሳይሆን ወደሽ ከዘፈንሽ ብቻ ላኪልኝ።

ረዥሙ ደርሷል። ግቢ ውስጥ ከአባትሽ ጋር ስለ ሻንጣ ክብደት እየተከራከሩ ነው፤ የአባትሽ ድምፅ እስከዚህ ይሰማል። ደብዳቤው በደረሰሽ ሰዓት አንድ ነገር ብቻ አስቢልኝ። ከሐሙስ በፊት ብትደውዪ ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው፤ እንዲያነሳ እነግረዋለሁ። ከሐሙስ በኋላ የማነሳው እኔ ነኝ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ። እንጀራሽ አይጉደል፣ ጤናሽ አይጓደል፣ በሄድሽበት የሚያከብርሽ ሰው አትጪ። ጉሮሮሽን ከብርድ ጠብቂ። የወለድኩሽ ቀን ደስ ያለኝን ያህል ደስ ይበልሽ።

የምትወድሽ፣
እናትሽ

ስትቀጂ ማቀዝቀዣሽን መንቀል አትርሺ። የእኛ ተሰክቷል።